ተሰብስበው ሳለ

በ1983 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ይህች አገር በቀላሉ የማታገኘው ዕድል እጇ ላይ ወድቆ ነበር። ግንቦት 13 ቀን ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወጡ። ግንቦት 16 ቀን አሥመራ ተያዘች፤ ግንቦት 20 ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ከሰሐራ በታች ካሉት የአፍሪካ ጦሮች ሁሉ በብዛቱ የሚታወቀው ሠራዊት በአንድ ሳምንት ውስጥ ባለቤት አልባ ሆነ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነው። ከፊሉ በከረን በኩል እየተቃጠለ፣ ውኃ እየተጠማ፣ ወደ ከሰላ ወርዶ ሱዳን ገባ። ከፊሉ ጫማው እስኪያልቅ በእግሩ ወደ ትውልድ አገሩ አቀና። ከፊሉ አዲስ አበባ ላይ፣ የመንግሥት ካፖርቱን እንደ ለበሰ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እጁን ለምጽዋት ዘረጋ።

ከዚያ ተጠሩ። መሣሪያችሁን አስረክቡ፣ በየማሠልጠኛው ግቡ ተባለ። ታጠቅ፣ ጦላይ፣ ብላቴ፣ ሁርሶ፣ ቀድሞ ወታደር የተፈለፈለባቸው ካምፖች የተበተነውን ጦር መልሰው ተቀበሉ። ስም ተመዘገበ። የትውልድ አውራጃና ቀበሌ ተጻፈ። በየቀኑ ተቆጠሩ፣ በየቀኑ በሉ፣ በየቀኑ በሰልፍ ተቀመጡ።

አንጀቴን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ተሰብስበው ነበር። ከአፋቤት የተረፈው፣ ከምጽዋ የተረፈው፣ ከሽሬ የተረፈው፣ ጓዱን በእጁ ቀብሮ የመጣው፣ ጓዱን ሳይቀብር ጥሎት የመጣው፣ ሁሉም በአንድ ግቢ፣ በአንድ ጥላ ሥር፣ ምንም ሥራ ሳይኖረው ለሳምንታትና ለወራት ተቀምጦ ነበር። ይህን ያህል የቆሰለ ልብ ተሰብስቦ፣ ተመዝግቦ፣ ጊዜም ኖሮት ያገኘ ሐኪም ወይም ካህን በዚች አገር ታሪክ የለም። እኛ ምን አደረግንበት? ፖለቲካ አስተማርንበት። የደርግ አገዛዝ ፋሽስትነት፣ የብሔር ብሔረሰቦች መብት፣ የሽግግሩ ቻርተር። ለምን እንደ ተሸነፉ ተነገራቸው። ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

የተደረገውን አልክድም። በሰኔ 1983 የቀድሞ ጦር አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። መጓጓዣ ቀረበ፤ የወራት ስንቅ ተሰጠ፤ ገበሬው ከየቀበሌው መሬት እንዲያገኝ ታዘዘ፤ ዘርና ማዳበሪያ ታደለ፤ ለአንዳንዱ በሬ ተገዛለት፤ ለከተሜው ብድርና የሙያ ሥልጠና ተሞከረ። ድሃ አገር፣ ያውም ከጦርነት በወጣች ማግሥት፣ ይህን ማድረጓ ቀላል አይደለም። የዓለም ባንክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያን ከናሚቢያና ከኡጋንዳ ጋር አስተያይቶ በአብዛኛው አመስግኖታል። ምስጋናውም ይገባል፤ ግማሽ ሚሊዮን ተኩስ የለመደ ሰው ሽፍታ ሳይሆን ቤቱ ገብቷልና። ነገር ግን ያ ሁሉ ሥራ የተለካው በሁለት ነገር ነው፤ ሰውየው አገሩ ደረሰ ወይ፣ እህሉን ተቀበለ ወይ። ሦስተኛውን፣ ሌሊት ይተኛል ወይ የሚለውን፣ የሚለካ አልነበረም።

ያልተለካውን ያየሁት ዱርቤቴ ላይ ነው። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ፣ ከመራዊ አልፎ ያለች የደቡብ አቸፈር ከተማ ናት። በቆሎና ዳጉሳ፣ ጤፍና ግብጦ የሚበቅልባት ወይናደጋ ናት። በዚያ ክረምት ከጭነት መኪና ላይ የሚወርዱት ሰዎች ወደ ገጠሩ የሚገቡት በእሷ በኩል ነበር። ወደ ታች እንጅባራን አልፈው ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም የወረዱትም ያው ናቸው፤ ምዕራብ ጎጃም በሙሉ በአንድ ወር ሁለት ወር ውስጥ ልጆቹን መልሶ አገኘ፤ የተረፉትን ማለቴ ነው።

ሲሄዱ እንዴት እንደ ሄዱ መዘንጋት የለበትም። የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ያዛል። በወረቀት ላይ ሁለት ዓመት ነው። በተግባር ግን ሰው እስኪሞት ወይም ጦርነቱ እስኪያልቅ ሆነ። ኮታው በቀበሌው ሊቀመንበር ላይ ይወድቃል፤ ሊቀመንበሩ ኮታውን ለመሙላት ገበያ ያስከብባል፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ይጠብቃል። አፈሳ ይባል ነበር። የሀብታም ልጅ ቀርቶ የመበለት ልጅ ይሄዳል። ስለዚህ ያ ሰው በ1983 ሲመለስ ሁለት ቁስል ይዞ ነው የተመለሰው፤ አንዱን ጠላት ያቆሰለው፣ ሌላውን የገዛ ቀበሌው። ያፈሰው ሊቀመንበር ብዙ ጊዜ ጎረቤቱ ነበር። በአንድ ማኅበር ጠላ ይጠጣሉ፤ በአንድ እድር ይቀባበራሉ።

የእናቴ ወንድም ከተመለሱት አንዱ ነው። እኛ ልጆች አያ እያልን ነው የምንጠራው። ሲመጣ እልል ተባለ፣ በግ ታረደ፣ እናቴ እግሩን አጥባ ሳመችው። ከዚያ ኑሮ ቀጠለ። ቀን ቀን የሚያርስ፣ እርሻው የማይነቀፍበት ሰው ነበር፤ ወንፈል ሲጠራ አይቀርም። ሲመሽ ግን ቤት ውስጥ አይተኛም። ከጎተራው ሥር፣ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ፊቱን ወደ መግቢያው አዙሮ ያድራል። ክረምት ላይ በረዶ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከቤት ሮጦ ይወጣና ሜዳ ላይ በደረቱ ይተኛል፤ በረዶው እየመታው። ሠርግ ላይ ጥይት ከተተኮሰ ከዚያ ድግስ አይገኝም፤ ማታ የግብጦ አረቄ ሲጠጣ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ግን ከአጥሩ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ጎረቤት ለሚስቱ፣ «እትዬ፣ አያ እንዴት አደረ?» ሲላት፣ «እሱማ ሌሊቱን ሲዋጋ አደረ» ትላለች። ይህን ስትናገር አታለቅስም፤ የተለመደ ነገር ሆኖ ነበር። እስኪሞት ድረስ ስለ ጦርነቱ የነገረን የሦስት ቦታ ስም ብቻ ነው፤ አፋቤት፣ ከረን፣ ምጽዋ። ከዚያ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ወጥቶለት አያውቅም።

እሱ ብቻ አይደለም። በየጎጡ አንድ ሁለት እንዲህ ያለ ሰው ነበር። አንዱ ከብት ሲያርዱ ሲያይ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ልጁን ለምን ድምፅ አሰማህ ብሎ እስኪደማ ይገርፋል፤ ከዚያ አቅፎት ያለቅሳል። አንዱ ከሰው ተለይቶ ጠበል ቦታ ቀረ። ቀየው የሰጣቸው ምክንያት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ጋኔን ለክፎት ነው፣ የገደላቸው ሰዎች ደም ነው፣ ምቀኛ አስደርጎበት ነው፣ አረቄው ነው። ሁሉም የየራሱን ደግ ሐሳብ አቀረበ፤ ጠበል ወሰዱት፣ ክታብ አሰሩለት፣ ሽማግሌ ላኩበት። ጦርነት ሰውን እንዲህ ያደርጋል፣ ይህ የታወቀ ሕመም ነው፣ አንተ ብቻህን አይደለህም የሚል አንድ ሰው ግን ወደ ዱርቤቴ አልመጣም።

የታወቀ ሕመም መሆኑ ነው ቁጭቴን የሚያባብሰው። አላወቅንም ብለን ማለፍ አንችልም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ሐኪሞች መድፍ ባንቀጠቀጣቸው ወታደሮች ላይ አይተው ጽፈውበታል። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ጭንቀት በሕመሞች መዝገቡ ላይ አሰፈረው። ያሰፈረውም በአብዛኛው ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ስለጮኹ ነው። ምልክቶቹ ተጽፈዋል፤ ቅዠት፣ ያለፈው ነገር አሁን እየሆነ ያለ ይመስል ተመልሶ መምጣቱ፣ ያንን ከሚያስታውስ ነገር ሁሉ መሸሽ፣ ሁልጊዜ ዘብ ላይ እንዳሉ ሆኖ መኖር፣ ድምፅ ሲሰሙ መደንገጥ፣ ከሚወዱት ሰው መራቅ። አያን ለማያውቅ ሰው ይህ ዝርዝር ነው። ለእኔ የአጎቴ የሕይወት ታሪክ ነው። ታጠቅ ውስጥ ሰዎቹ ሲቆጠሩ ይህ ከተጻፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር።

እዚያው አሜሪካ ከዚያም አንድ ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ ለእነዚሁ ወታደሮች ከሆስፒታል ውጭ፣ በሚኖሩበት ከተማ፣ መንገድ ዳር የሚገቡባቸው ትንንሽ ቤቶች ተከፈቱ። ብዙ ጊዜ እዚያ ተቀምጦ የሚያነጋግራቸው ራሱ ጦርነት የነበረ ሰው ነው። ምስጢሩ ይኼው ነው። ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ያልተገራ ወይፈን ለብቻው አይጠመድም፣ ቀንበር ከለመደ በሬ ጋር ነው የሚጠመደው፤ የሚገራው ገበሬው ብቻ አይደለም፣ ጎኑ የሚሄደው በሬ ጭምር ነው።

ሐኪም ከየት ይመጣ ነበር የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ለአእምሮ ሕሙማን ተብሎ የተቋቋመው ሆስፒታልም በጣልያን ዘመን የተከፈተው አማኑኤል ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከአቸፈር ተነሥቶ አማኑኤል የሚደርስ ገበሬ የለም። ግን እስቲ ካምፑ ውስጥ እነማን ነበሩ? የጦሩ ድሬሰሮች፣ ነርሶች፣ በጦር ሜዳ እጅና እግር ሲቆርጡ የከረሙ የሕክምና ረዳቶች አብረው ተበትነው አብረው ተሰብስበው ነበር። መምህር ነበር፤ ዲያቆን እያለ የታፈሰ ነበር፤ ደብዳቤ ለጓዶቹ ይጽፍ የነበረ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች የጥቂት ሳምንታት ትምህርት ተሰጥቶ፣ እያንዳንዳቸው ከየአውራጃቸው ሰዎች ጋር ተመልሰው ቢሄዱ፣ ለጎጃም ብቻ ስንት ይደርስ ነበር? ይህ የሕልም እንጀራ አይደለም። በኋላ በኡጋንዳ ናኪቫሌ በተባለ የስደተኞች መጠለያ ከስደተኞቹ መካከል የተመረጡ፣ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች አጭር ሥልጠና ወስደው ወገኖቻቸው የደረሰባቸውን ከልደት እስከ ዛሬ በቅደም ተከተል እንዲተርኩ እየረዱ አክመዋቸው፣ ውጤቱም በጥናት ተመዝግቧል። ተራኪው ይተርካል፤ አድማጩ ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲገናኙ ያነብለታል፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። ወረቀት፣ እርሳስና የሚያዳምጥ ሰው ነው የሚፈልገው። ሦስቱም ካምፑ ውስጥ ነበሩ።

ሌላም የነበረን ነገር አለ፤ እሱን ስናባክነው ማየት ይበልጥ ያሳዝናል። የጎጃም ገጠር ሰው ሁሉ የንስሐ አባት አለው። ከጤና ኬላ በፊት፣ ከትምህርት ቤት በፊት፣ እያንዳንዱን ቤት በስሙ የሚያውቅ፣ ምስጢር የሚጠብቅ፣ ሰው ሳያፍር የሚያለቅስበት ሰው እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ለዚህ ነገር ባዶ እጇን አይደለችም። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው ቀኖና በጦርነት የገደለውን ሰው ከነፍሰ ገዳይ ጋር አይቆጥረውም፤ ነገር ግን እጁ ንጹሕ ስላልሆነ ለሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀብ መልካም ነው ብሎ ይመክራል። እኔ ይህን እንደ ቅጣት አላነበውም። ከጦር ሜዳ የመጣ ሰው በማግሥቱ እንደ ማንም ሰው ይሆናል ተብሎ እንደማይጠበቅ፣ ጊዜ እንደሚያስፈልገው፣ ያም ጊዜ መጨረሻ እንዳለውና መጨረሻው ላይ ማኅበረሰቡ ተመልሶ እንደሚቀበለው የሚናገር ሥርዓት ነው። አጎቴ ከአጥር ውጭ ሲቆም ማንም ሦስት ዓመት ነው፣ ከዚያ ትገባለህ ያለው የለም። ራሱ የፈረደበት የዕድሜ ልክ ነበር። በ1983 ከየሀገረ ስብከቱ ካህናት ተጠርተው፣ እነዚህ ልጆቻችሁ ሲመጡ እንዲህ ጠይቋቸው፣ እንዲህ ተቀበሏቸው፣ ከበድ ሲል ወደዚህ ላኩልን ቢባሉ ምን ያህል ሰው ከጎተራ ሥር ተነሥቶ ቤቱ ይገባ ነበር!

በዚያ ፋንታ ቀየው ለተመላሽ ወታደር ያለው መቀበያ ፉከራ ነበር። ጎጃም ለገዳይ የሚሰጠው ክብር የታወቀ ነው፤ ሽለላው፣ ቀረርቶው፣ በሠርግና በክርስትና ድግስ ላይ ዱላ ነቅንቆ የጣሉትን እየቆጠሩ መፎከር። ጣልያንን ተዋግተው የተመለሱ አርበኞች ይህን አድርገው ምናልባት ቀልሏቸው ይሆናል፤ አሸንፈው፣ ለአገር ቆመው፣ ወገን አልቅሶላቸው ነበርና። የ1983ቱ ሰው ግን ምን ብሎ ይፎክር? ተሸንፏል። የገደለው ብዙ ጊዜ እንደ እሱ መስቀል ያሠረ ሰው ነው። መንግሥት ራሱ የፋሽስት ጦር ብሎ ጠርቶታል። ፉከራ የማይችል ሰው ደግሞ በእኛ ዘንድ ዝም ይላል። እንደ ፈራ የሚናገርበት ዜማ አላዘጋጀንለትም።

ዝምታውን የሚያጸና ሌላ ነገር በ1989 መጣ። በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል ጎጃም ላይ በርትቶ ወደቀ። በደርግ ዘመን በቀበሌና በኅብረት ሥራ ሥልጣን የነበራቸው ገበሬዎች ቢሮክራት ተብለው ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ገበሬዎች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት አሉ፤ አልሆነም። ከደርግ ጋር ያለ ትዝታ ሁሉ መሬት የሚያስነጥቅ መሰለ። ከጦር የመጣ ሰው እንግዲህ ስለዚያ ዘመን አፉን እንዴት ይክፈት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የአገሬ ሰው። እኛ ግን በሽታውን እንዲደብቅ አስገደድነው።

ከዚያ ደግሞ 1990 ደረሰ። ግንቦት ላይ የኤርትራ ጦር ባድመን ያዘ፤ መንግሥትም የበተነውን ጦር አስታወሰ። የቀድሞ ጦር አባላት ተጠሩ፤ አብራሪው፣ መድፈኛው፣ ታንከኛው፣ እግረኛው። ከነገሩ ሁሉ ለእኔ ይህ ይከብደኛል። ያ ሰው መተኮስ እንደሚያውቅ ሰባት ዓመት ሙሉ የሆነ መዝገብ ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ሌሊት እንደማይተኛ ግን የትም አልተጻፈም። ሄዱ። ፈቅደው የሄዱ ብዙ ናቸው፤ አገር ተደፈረ ሲባል የጎጃም ሰው ቤቱ አይቀመጥም። አንዳንዱ በዚያ በሠራዊቱ መካከል ከቤቱ ይልቅ እንቅልፍ እንዳገኘ ሰምቻለሁ።

ሁለተኛው ዕድል የመጣው ይህን ጦርነት ከዘጋው ከአልጀርስ ስምምነት በኋላ ነው። ታህሳስ 3 ቀን 1993 ስምምነቱ ተፈረመ፤ የዓለም ባንክ ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ፤ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ወታደር ተሰናበተ። በዚህ ጊዜ ገንዘብ አለ፤ ልምድ አለ። ስለ ኤች አይ ቪም ትምህርት ተሰጠ፤ ጥሩ ተደረገ። በዚያን ዘመን በኤች አይ ቪ ምክንያት አገሪቱ ሰውን ለብቻው አስቀምጦ ማማከርን መለማመድ ጀምራ ነበር። የሚያፍሩበትን ነገር መጠየቅ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ሳይፈርዱ መስማት የሚችል ሰው ማፍራት እንደሚቻል ታይቷል። አንድ ጥያቄ ብቻ መጨመር ነበር። ሲጨመር ግን አላየንም። በእነዚያው ዓመታት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ቤት ለቤት መዞር ያዙ፤ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ አጎበር፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ጠየቁ። የአጎቴ ቤትም ገብተው ነበር። ከጎተራው ሥር የተነጠፈውን ቁርበት አልፈውት ነው የገቡት።

የሚስቶቹን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በሁለቱም ጊዜ የወታደር ሚስት ስትመዘገብ አልሰማሁም። እርሷ ግን ያንን ሰው ሃያ ሠላሳ ዓመት ያስታመመች ነርስ ናት። መቼ መናገር እንዳለባት፣ መቼ ልጆቹን ይዛ ወደ እናቷ ቤት መሄድ እንዳለባት፣ በየትኛው እጁ በኩል ቢነኩት እንደማይደነግጥ፣ በጨለማ ወደ እሱ ስትሄድ ከሩቅ እየተናገረች መሄድ እንዳለባት ማንም ሳያስተምራት ያወቀች ናት። ስትመታ ጥፋቱ የእርሷ መስሏት ዝም ያለችም እርሷ ናት። ልጆቿም የአባታቸውን ኮቴ እየሰሙ ስሜቱን ማንበብ ተምረው አደጉ። ጦርነቱን ሳያዩት የተዋጉት እነዚህ ናቸው። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዱ አድጎ እንደገና መሣሪያ ያነሣው ይህን ቤት እያየ ስላደገ እንደ ሆነ አምናለሁ።

ምዕራብ ጎጃም ወታደር የሚሠራበት ቦታ አለው። ብር ሸለቆ፣ የገበሬ ልጅ በጥቂት ወራት ወታደር ሆኖ የሚወጣበት ማሠልጠኛ፣ እዚሁ ነው። ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም ሩቅ አይደለም። ሕንፃ አለው፣ አሠልጣኝ አለው፣ በጀት አለው፣ ሥርዓተ ትምህርት አለው። ወታደሩን መልሶ ገበሬ የሚያደርግ፣ መልሶ አባት የሚያደርግ ቦታ ግን በዚህ ሁሉ አገር አላውቅም። መሣሪያ መፍታትና መግጠም ዓይን ተሸፍኖ እስኪቻል ይለማመዱታል። ማታ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ መተኛትን ማን ያለማምዳቸው?

አሁን ሦስተኛው ዕድል ላይ ነን። በጥቅምት 2013 በትግራይ ከተጀመረው ጦርነት ወዲህ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ በኅዳር ወር ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የየክልሉ ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ፤ ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ጦርነት ወደ ጎጃም ራሱ ገባ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ፍኖተ ሰላም ከአየር ተደበደበች፤ ብዙ ሰው ሞተ። ከአንድ ቤት አንዱ ወንድም መከላከያ ውስጥ፣ አንዱ የፈረሰው ልዩ ኃይል ውስጥ፣ አንዱ ሚሊሻ፣ አንዱ ከፋኖ ጋር ጫካ የሆነበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ተሃድሶ ኮሚሽኑ 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም እንዳቀደ አስታውቋል፤ ለዚህም ወደ 760 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ተናግሯል። በኅዳር 2017 በትግራይ 75 ሺህ ተዋጊዎችን የሚያሰናብተው የመጀመሪያው ዙር ተጀመረ። ካምፖቹ እንደገና ሰው መቀበል ያዙ። ስም ይመዘገብ፣ የትውልድ ቀበሌ ይጻፍ፣ የጥቂት ቀናት ትምህርት ይሰጥ፣ መቋቋሚያ ገንዘብ ይከፈል ጀመር። በአማራም ጦርነቱ አንድ ቀን ይቆማል፤ ቆሞም እንደዚሁ ይሰበሰባሉ።

አሁን ሰበብ የለንም። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን ከጀመርን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት አለ፣ ጥበበ ግዮን አለ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አላት፤ ዱርቤቴም አላት። የተጎዳውን ለመለየትም የተፈተነ መንገድ አለ፤ የአሜሪካ የጦር ተመላሾች ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት ጥያቄ አምስት ብቻ ነው፣ መልሱም አዎ ወይም አይደለም ነው። ባለፈው ወር ስለዚያ ነገር ቃዥተሃል ወይም ሳትፈልግ ትዝ ብሎሃል? እሱን ከሚያስታውስህ ነገር ለመሸሽ ሞክረሃል? ሁልጊዜ ዘብ ላይ እንዳለህ ሆነህ ነበር፣ በቀላሉ ደንግጠሃል? ከሰው ወይም ከኑሮህ የራቅህ፣ የደነዘዝህ መስሎሃል? በሆነው ነገር ራስህን ወይም ሌላ ሰው እየወቀስህ መተው አቅቶሃል? ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉ ይህን መጠየቅ ይችላል።

በመዝጋቢነት ጠረጴዛው ላይ ለምትቀመጡ እለምናችኋለሁ፤ ስሙንና የመሣሪያውን ቁጥር ከጻፋችሁ በኋላ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁት። አዎ ያለውን ከአገሩ ሰው ጋር አገናኙት፤ ከእሱ በፊት ተመልሶ ኑሮ ከያዘ ሰው ጋር። ስሙን ለወረዳው ጤና ጣቢያ፣ ፈቃዱ ከሆነም ለንስሐ አባቱ ላኩ። የሚወስነው የየትኛው ወገን ነበርክ የሚለው መሆን የለበትም፤ የሁሉም ወገን ቅዠት አንድ ዓይነት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሆይ፣ ቤቱ ስትገቡ ሚስቱን ለብቻዋ ጠይቋት፤ ሰውየው የት እንደሚተኛ ንገሪኝ በሏት። መልሷን ጻፉት። በወሩም ተመልሳችሁ ሂዱ።